ሆደ ሰፊ እና ሰፊ ሆድ

አንድን ሰው «ሆደ ሰፊ ነህ» ብትሉት ደስ ይለዋል። ታጋሽ፣ ነገር ቻይ፣ ቂም የማይቋጥር ማለታችሁ ነውና። «ሰፊ ሆድ አለህ» ብትሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ ስለ ቦርጩ ወይ ስለ አበላሉ ያወራችሁ ይመስለዋል። ልብ በሉ፣ ቃላቱ ያው ሁለት ናቸው። ተራቸውን አዟዟርን፣ «ሆድ» የሚለውን ቃል የመጨረሻ ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ መልሰን «ሆደ» አልን፤ በቃ። ስድብ የነበረው ምስጋና ሆነ።

ዛሬ የምናወራው ስለዚች ተራ ነው፤ ቅጽል የት ይቀመጣል፣ ሁለት ስሞችስ ተጣምረው አንድ ስም ሲሆኑ ማን ይቀድማል ስለሚለው ጉዳይ። ሰዋስው ሲባል ገና ከርእሱ የሚያዛጋችሁ እንዳላችሁ አይጠፋንም። ግን ትንሽ ታገሡን (ሆደ ሰፊ ሁኑልን ማለት ነው)። ጉዳዩ የፈተና ጉዳይ አይደለም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ ጋዜጠኛም ይሁን የሱቅ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ነጋዴ፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ስም ማውጣት አለበት። ስም ማውጣት ያቃተው ይዋሳል። እኛ በጋዜጠኝነት የተመረቅን ልጆች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። «ሊድ» ምን እንደሆነ፣ «ሄድላይን» እንዴት እንደሚያጥር በእንግሊዝኛ ተምረን ወጣን፤ ከዚያ ብዕር ይዘን የተቀመጥነው ለአማርኛ አንባቢ ልንጽፍ ነው። ሁለት የአማርኛ ቃላት እንዴት እንደሚጋቡ ግን አንድም ክፍለ ጊዜ አልተማርንም።

ሕጉንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአማርኛ ቅጽል ከስም በፊት ይመጣል፤ ጥቁር በግ፣ ረጅም መንገድ፣ ቀጭን ልጅ። «በግ ጥቁር ገዛሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ቅኔ እየቆጠረ ነው ወይ አማርኛ ገና እየለመደ ነው። ይኸው ቋንቋ ታዲያ ስለ ሰው መልክና ጠባይ ማውራት ሲጀምር ተራውን ይገለብጠዋል፤ ራሰ በራ፣ ዐይነ አፋር፣ ልበ ሙሉ፣ ሆደ ባሻ፣ አፈ ጮሌ። ስሙ ቀድሞ ቅጽሉ ይከተላል። አያታችን ፊደል አልቆጠሩም፤ ግዕዝም የሚያውቁት በቅዳሴ ዜማ ብቻ ነው። ነገር ግን ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ቶሎ የሚከፋትን «ሆደ ባሻ»፣ እንግዳ ሲመጣ የምትደበቀዋን «ዐይነ አፋር» ሲሉ አንድም ቀን ተራውን አይስቱም። ማን አስተማራቸው? ቋንቋው ራሱ።

እነዚህ ጥምር ቃላት አንድ ሌላ ጠባይ አላቸው። ትርጉማቸው ከሁለቱ ቃላት ውጭ ቆሞ ነው የሚገኘው። ሆደ ሰፊ ሆድ አይደለም፣ ሰው ነው። በጣም የምንወደው ምሳሌ ደግሞ እጀ ጠባብ ነው። እጅ አይደለም፣ ጠባብም አይደለም፤ ልብስ ነው፣ እጅጌው የጠበበ ሸሚዝ። ቃሉ ባለቤቱን ሳይጠራ ባለቤቱን ያመለክታል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። የቡድሃ እምነት ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉበት ፓሊ የሚባል ጥንታዊ ቋንቋ አለ። እንደ ግዕዝ ሁሉ ዛሬ እናት ለልጇ የምታወራበት ቋንቋ አይደለም፤ በስሪላንካ፣ በበርማ፣ በታይላንድ መነኮሳት የሚጸልዩበትና የሚማሩበት ነው። ፓሊ እንደ አማርኛ ገላጩን ቃል ማስቀደም ይወዳል። «ራጃ» ንጉሥ ነው፣ «ፑታ» ልጅ ነው፤ «ራጃፑታ» ሲሉ የንጉሥ ልጅ ማለታቸው ነው። የህንድ ሰዋስው ሊቃውንት እንደ እጀ ጠባብ ያለውን፣ ትርጉሙ ከውጭ ያለውን ጥምር ቃል ለይተው ስም አውጥተውለታል። ፓሊዎቹ «ባሁቢሂ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «ብዙ ሩዝ» ማለት ነው። ሩዙን አይደለም ታዲያ፤ ብዙ ሩዝ ያለውን ሰው ነው። ለሰዋስው ክፍሉ መጠሪያ እንዲሆን የመረጡት ቃል ራሱ ምሳሌው ነው ማለት ነው። እኛ ብንሆን «እጀ ጠባቦች» ብለን ልንጠራቸው እንችል ነበር።

መናበብ

የግዕዝ መምህራን ሁለት ቃላት በዚህ መንገድ ሲያያዙ «ተናበቡ» ይላሉ። ቀድሞ የሚመጣው ቃል መጨረሻው ሳድስ ከሆነ ወደ ግዕዝ ይዞራል፤ ቤት ቤተ፣ ልብ ልበ፣ ሊቅ ሊቀ ይሆናል። መጨረሻው ሣልስ ከሆነ ወደ ኃምስ ይሄዳል። «ጸሐፊ» የሚለው ቃል ተውኔትን ሲያገኝ «ጸሐፌ ተውኔት» የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ብዙ ቦታ «ጸሐፊ ተውኔት» ተብሎ ብናነበውም።

ቁም ነገሩ የግዕዝ ተራ ከአማርኛ ተራ ተቃራኒ መሆኑ ነው። በግዕዝ ዋናው ቃል ይቀድማል፣ ባለ ንብረቱ ይከተላል። በአማርኛ ባለ ንብረቱ ይቀድማል፣ ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ግዕዙ «አፈ ጉባኤ» ሲል አማርኛው «የጉባኤ አፍ» ይላል። «አፈ ጮሌ» ከ«አፈ ጉባኤ» ጋር አንድ ቢመስልም ውስጡ ሌላ ነው፤ አንዱ የጉባኤው አፍ፣ ሌላው ጮሌ አፍ ያለው። (አንዳንድ አፈ ጉባኤዎች ሁለቱንም ሊሆኑ ይችላሉ፤ እሱ ለሌላ ቀን።)

አንዴ ከተናበቡ ደግሞ በመካከላቸው ማንም አይገባም። «ቤተ አዲስ መጻሕፍት» አይባልም። ቅጽሉ በር ላይ ቆሞ «አዲስ ቤተ መጻሕፍት» ማለት ግድ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ሆነዋል፤ አንድ የሚያደርጋቸው ተያይዘው መጻፋቸው ሳይሆን ይህ የተዘጋ በር ነው።

ወደ ቀሐ እንውረድ

ጎንደርን የምታውቁ ቀሐን ታውቁታላችሁ። የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለው ገንዳ ለጥምቀት ሲደርስ ውኃ የሚሞላው ከዚህ ወንዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚከርመው ግቢ በጥር ወር ነጭ በነጭ ይሆናል፤ ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፣ በማግስቱ ውኃው ሲባረክ ወጣቱ ዘሎ ይገባል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ ደግሞ ካሜራውና ዜናው በዝቷል።

ታዲያ ዜናውን ስታነቡ ቦታው ሁለት ስም እንዳለው ልብ ብላችኋል? አንዱ ዘጋቢ «ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ወረዱ» ይላል። ሌላው «ወደ ጥምቀተ ባሕር ወረዱ» ይላል። አንዳንዴ ያው ዜና አናቱ ላይ አንዱን፣ እግሩ ላይ ሌላውን ይዞ ይወጣል። እኛም አንድ ጊዜ ይህን ቃል ጽፈን ሁለት አርታኢዎች ሲከራከሩበት አይተናል፤ አንደኛው ገለበጠው፣ ሁለተኛው መለሰው።

ነገሩ ስላላስቀመጠን ቀሐ አካባቢ ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩ አንድ የኔታ ዘንድ ሄድን። «የኔታ፣ የትኛው ነው ልክ?» አልናቸው። ወዲያው አልፈረዱም። መጀመሪያ «ባሕረ ጥምቀት» የሚለውን ፈቱት፤ የጥምቀት ባሕር፣ ጥምቀት የሚፈጸምበት ውኃ። ቀጥለው «ጥምቀተ ባሕር» የሚለውን ፈቱት፤ በግዕዙ ተራ የባሕር ጥምቀት ማለት ነው፣ ዋናው ቃል ጥምቀቱ እንጂ ውኃው አይደለም። ስለዚህ ቦታውን ለመጥራት በግዕዙ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ሕዝቡ ግን ሁለተኛውንም ሲል ቦታውን ማለቱ ነው፤ ሕዝብ የተስማማበትን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ልጆች?» አሉን።

የጎንደር ሰው ነዋ! የመጻሕፍት ትርጓሜ በላይ ቤትና በታች ቤት ተከፍሎ በተደረጀበት ከተማ አንድ ቃል በአንድ ፍቺ አያልቅም። «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍቺ ከጎኑ ያስቀምጡታል፤ የትርጓሜው ስም ራሱ «አንድምታ» የተባለው በዚሁ ነው።

እኛ ከየኔታ ቤት ይዘን የወጣነው ሐሳብ ይህ ነው። «ጥምቀተ ባሕር» የሚለው ቃል ልብሱ ግዕዝ፣ አጥንቱ አማርኛ ነው። መጨረሻውን በግዕዝ ሕግ «ተ» አድርጎታል፤ ተራው ግን የአማርኛ ነው፣ ገላጩ ቀድሞ ዋናው መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ሕዝቡ ግዕዙን ሳያውቅ ቀርቶ ያበላሸው ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን አማርኛ የግዕዙን መሣሪያ ወስዶ በራሱ እጅ ሲሠራበት ነው የታየን።

ሁለት ዓይነት ቤት

ይህን ካያችሁ በኋላ ከተማው ሁሉ በሁለት ተራ ተሠርቶ ይታያችኋል። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክር በአንድ በኩል፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ እስር ቤት በሌላ በኩል። «ቤት» ከፊት ሲሆን ጫማ አውልቀን የምንገባ ይመስለናል፤ ከኋላ ሲሆን ኪሳችንን ዳብሰን እንገባለን። «ቤተ ምግብ» ብሎ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ዋጋውን ከፍ ሊያደርግ እንዳሰበ እንጠረጥራለን።

ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ፍርድ ቤት «ቤት» ከኋላው ነው፤ ሰውን ግን ከቡና ቤት በላይ ያስፈራል። ቤተሰብ ደግሞ በግዕዙ ተራ የተሠራ ነው፤ «ሰብ» ሰው ማለት ነውና የሰው ቤት እንደማለት ነው። ከቤተሰብ በላይ የዕለት ተዕለት የሆነ ቃል ከየት ይመጣል? ስለዚህ የግዕዙን ተራ የክብር ልብስ ብቻ አድርገን ማየት አይገባም። ቤታችን ውስጥ የሚኖር ነው።

ብዙ ቁጥር ላይ ስንደርስ ሁለቱ ተራዎች ይጋጫሉ። አማርኛ «ትምህርት ቤቶች» ብሎ ጭራው ላይ ያበዛል። ግዕዝ ግን ዋናው ቃል ፊት ስለሆነ ፊቱን ያበዛል፤ ቤተ ክርስቲያን አብያተ ክርስቲያናት ይሆናል። ሁለቱ ሲምታቱ «ቤተ መጻሕፍቶች» የሚል ይወለዳል፤ መጻሕፍት ራሱ ብዙ መሆኑ ተረስቶ፣ ቤቱ ሲበዛ መጽሐፉ ሁለት ጊዜ በዛ።

ዓለም ሰገድ

የጎንደር ነገሥታት ይህን ጥበብ ለራሳቸው ስም ተጠቅመውበታል። ከተማዋን የመሠረቱት አፄ ፋሲል (1632–1667 እ.ኤ.አ.) የንግሥና ስማቸው «ዓለም ሰገድ» ነበር። ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ «አእላፍ ሰገድ»፣ የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ «አድያም ሰገድ» ተባሉ። ዓለም ሰገደ፣ አእላፍ ሰገዱ፣ አውራጃዎች ሰገዱ፤ ለማን? ስሙ ውስጥ የለም። ልክ እንደ እጀ ጠባብ ባለቤቱ ከውጭ ነው የቆመው። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ታጥፎ ስም ሆኗል። እቴጌ ምንትዋብም «ብርሃን ሞገሳ» ነበሩ፤ ብርሃን ሞገሷ የሆነላት።

ንጉሥ ያልሆነው ሕዝብም አልተለየም። ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል፤ ሁሉም ተናባቢ ናቸው። ነገር ግን ሰውየው ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ የውጭ አገር ቅጽ «የመጀመሪያ ስም» ብሎ ይጠይቀውና «ገብረ» ብቻ ይቀራል። «ገብረ» ማለት «የ... አገልጋይ» ማለት ነው፤ የማን እንደሆነ ሳይነገር የተቆረጠ ስም ነው። ቃላቱ ሲለያዩ ሰውየውም ከመጠሪያው ግማሹን ያጣል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሯጭ ኃይሌ የአባቱ ስም በላቲን ፊደል እንደ አንድ ቃል ተያይዞ በመጻፉ ከዚህ ድኗል።

አንድ ተራ ስትሳት

ይህ ሁሉ ለጋዜጠኛ ምን ይፈይዳል ለምትሉን፣ አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። ለቀድሞ ወታደሮች ሚስቶች እርዳታ ተሰጠ እንበል። «የቀድሞ ወታደሮች ሚስቶች» ስንል ወታደሮቹ ናቸው የቀድሞ የሆኑት፤ ትዳሩ አለ። «የወታደሮች የቀድሞ ሚስቶች» ስንል ወታደሮቹ በሥራ ላይ ናቸው፤ የቀረው ትዳሩ ነው። ተቻኩለን «የቀድሞ የወታደሮች ሚስቶች» ብለን ከጻፍን አንባቢው ማንን እንደፈታን አያውቅም። አንዲት ቃል ስታልፍ ሰው ከሥራው ሳይሰናበት ከሚስቱ ተለያየ፤ እርዳታው የሚገባት ሴትም «የእኔ ስም የለበትም» ብላ ተመለሰች። ቅጽል የሚቀመጥበት ቦታ ሰው የሚሰለፍበትን ሰልፍ ሊወስን ይችላል።

መዝገበ ቃላት ሐዲስ፣ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት

ሁለቱ ተራዎች ተጣልተው የማይኖሩ መሆናቸውን ለማየት ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተው ሳያሳትሙት በ1936 ዓ.ም. አረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ርእሱ የሚያበቃው «መዝገበ ቃላት ሐዲስ» ብሎ ነው፤ ቅጽሉ መጨረሻ ላይ። እኒሁ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አሉት፤ ቅጽሉ መጀመሪያ ላይ። አዲስነቱ ከጭራ ወደ ራስ መጣ፤ «መዝገበ ቃላት» ግን እንደተናበበ፣ በሩ እንደተዘጋ ቀረ። መምህሩ በግዕዝ ተራ፣ ተማሪው በአማርኛ ተራ፤ የመካከለኛው ቃል የጋራ። ከዚህ የተሻለ የውርስ ምሳሌ እኛ አላየንም።

እኛስ?

ከዚያ ወዲህ የመጡት ቃላት ብዙ ናቸው። «ሥን» በግዕዝ ውበት፣ ማማር ነው። «ሥነ ፍጥረት» የፍጥረት ማማር ነበር። ከዚያ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ምግባር፣ ሥነ ልቦና፣ ሥነ ሕይወት እያለ ሄዶ ዛሬ «ሥነ» የትምህርት ዘርፍ ሁሉ በር ሆኗል። ርእዮተ ዓለም የሚለውም በዚሁ ስልት የተሠራ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ «ድረ ገጽ» መጣ። ቆጠር አድርጉት እስቲ። በግዕዙ ተራ ከሆነ የገጽ ድር ነው፤ የፈለግነው ግን የድር ገጽ ነበር። ስለዚህ «ገጸ ድር» መባል አለበት የሚሉ አሉ፤ በግዕዙ ሕግ እውነታቸውን ነው። ሕዝቡ ግን ድረ ገጽ ብሎ ጨርሷል። ቀሐ ዳር ያየነው ጥምቀተ ባሕር ኮምፒዩተር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ ማለት ነው! ልብሱ ግዕዝ፣ አጥንቱ አማርኛ።

ለዚህ ነው ቃል መፍጠር የሊቃውንትና የአካዳሚ ሥራ ብቻ ነው የሚለውን ነገር የማንቀበለው። ፊደል ያልቆጠሩት አያታችን ያለ ስሕተት የሚጠቀሙበት ስልት ለእኛ ሊከብደን አይገባም። መሣሪያው በአፋችን አለ። የጎደለን ድፍረትና ትንሽ ዕውቀት ነው፤ የትኛውን ተራ እንደያዝን አውቀን መያዝ። የግዕዙን ከመረጥን ዋናውን ቃል እናስቀድም፣ ብዙ ቁጥሩንም ፊት ላይ እናድርግ። የአማርኛውን ከመረጥን «ጤና ጣቢያ» እንደሚለው ሳናፍር ዋናውን መጨረሻ ላይ እናስቀምጥ። ሁለቱን ቀላቅለን ሕዝብ ከተስማማበትም ቢያንስ እንደቀላቀልን እንወቅ። ይህን ሳናውቅ የቀረን እንደሆነ እንግሊዝኛውን በግዕዝ ፊደል እየጻፍን «አማርኛ ቃል የለውም» ማለታችንን እንቀጥላለን። የለውም ሳይሆን እኛ አላወጣንለትም።

ዕውቀቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ጎንደር ያላችሁ ወደ ቀሐ ውረዱ፣ የኔታ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ከሰፈራችሁ የአብነት ትምህርት ቤት አታጡም። የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎችም ለ«ሊድ» ከሚሰጡት ጊዜ ላይ ሁለት ሳምንት ለመናበብ ቢቆርጡ አንባቢው ያመሰግናቸዋል።

ለዛሬ እዚህ ላይ እናብቃ። ሰፈራችሁ ውስጥ ተገልብጦ የሚኖር ጥምር ቃል ካለ ጻፉልን፤ አንድም እያልን አብረን እንፈታዋለን።

ቸር እንሰንብት!